ደረሰኙ በማን ስም ነው?

አንድ መምህር ፌስታል ይዞ ቢሮዬ ገባ። በደቡብ ቆላ ከተሞች በሒሳብ ሠራተኛነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንደዚያ ዓይነት ፌስታል ብዙ አይቻለሁ። ውስጡ የአንድ ዓመት ያህል ደረሰኝ ነበር፤ የካርድ፣ የኤክስሬይ፣ የላቦራቶሪ፣ ከጉልበቱ በታች ለተቆረጠው እግሩ የተሠራለት ሰው ሠራሽ እግር፣ የማሰሪያው ቀበቶ፣ ሲቆስልበት የገዛው ቅባት። ከደረሰኞቹ ግማሹ ግን ባዶ ወረቀት ሆኗል። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በቀለም ሳይሆን በሙቀት የሚታተም ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ጽሑፉ ይጠፋል ወይም ወረቀቱ በሙሉ ይጠቁራል። ከሃዋሳ ነገሌ ቦረና ድረስ የመኪና መስኮት ዳር የተቀመጠ ደረሰኝ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

«ይህ ሁሉ ከግብሬ ላይ አይቀነስልኝም ወይ?» አለኝ። አይቀነስለትም ነበር። ወረቀቱ ሁሉ ቢነበብ ኖሮም አይቀነስለትም። ያንን ስነግረው የተሰማኝ ነገር ዛሬም አለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ከወጪው አብዛኛው ግብር ሳይነካው ሊሸፈን የሚችልበት መንገድ ነበረ። መንገዱ ግን የሚያዘው ሃዋሳ ከመሄዱ በፊት ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እርስዎ ከመሄድዎ በፊት እንዲያነቡት ነው።

ከእውነቱ እንጀምር

በአገራችን የገቢ ግብር ሕግ አካል ጉዳተኛ በመሆን ብቻ የሚገኝ የደመወዝ ግብር ቅናሽ የለም። ከኪስዎ የከፈሉትን የሕክምና ወጪ ዓመቱ ሲያልቅ ደምሮ የሚመልስልዎ መሥሪያ ቤትም የለም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለተቀጣሪ ምንም ወጪ አይቀንስለትም፤ የደመወዙ ግብር የሚሰላው ከጠቅላላ ገቢው ላይ ነው።

ሞያሌ ላይ ይህ ነገር በዓይን ይታያል። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ፣ በኬንያው ሞያሌ፣ ተመዝግቦ የግብር ነፃነት ሰርተፍኬት የያዘ አካል ጉዳተኛ ከወር ገቢው በመጀመሪያው 150,000 ሽልንግ ላይ ግብር አይከፍልም። ወዲህ ማዶ ያለው ጎረቤቱ፣ ምናልባትም የአንድ ጎሣ ልጅ፣ እንዲህ ያለ መብት የለውም። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም የመንቀሳቀሻ መሣሪያ በሚቻል ዋጋ እንዲገኝ ይጠይቃል። በደመወዝ ግብራችን ላይ ይህ ግዴታ እስካሁን ቦታ አላገኘም፤ ማግኘት አለበት ብዬ አምናለሁ። የኬንያውን ሰርተፍኬት ይዘው ግን ወዲህ አይምጡ፤ እዚህ አይሠራም።

በእኛ ሕግ ያሉት በሮች ሌላ ቦታ ናቸው። ሕጉ «ሰውየው ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «ገንዘቡን ማን ከፈለው? ለምን ተብሎ ተከፈለ? ወረቀቱስ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አስቀድሞ መልስ ማዘጋጀት ናቸው።

መጀመሪያ፦ ወረቀትዎን አንድ ያድርጉ

ማንኛውም ቢሮ የሚጠይቅዎ የመጀመሪያ ነገር የጉዳቱ ማስረጃ ነው። ከሆስፒታል የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ያውጡ። «ታሟል» ብቻ የሚል ወረቀት ዋጋ የለውም። ጉዳቱ ምን እንደሆነ፣ ቋሚ ወይም ጊዜያዊ መሆኑን፣ ምን ዓይነት መሣሪያ ወይም ክትትል እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ይሁን። «ዊልቸር ያስፈልገዋል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ኋላ ጉምሩክ ላይ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ስምዎን ይመርምሩ። በእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ጉዮ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ በአንዱ ወረቀት አንድ «ዋይ»፣ በሌላው ሁለት «ዋይ» ይዞ ይገኛል፤ በአማርኛ ሲመለስ ደግሞ አንዱ ጸሐፊ «ጉዮ»፣ ሌላው «ጉያ» ይለዋል። የሆስፒታል ካርድ፣ የደመወዝ ሉህ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ደብተር ላይ ያለው ስም ካልተገጣጠመ የሒሳብ ክፍሉ ደረሰኙ የእርስዎ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለውም። የፋይዳ መታወቂያ ካለዎት አጻጻፉን መሠረት ያድርጉትና ሆስፒታል ካርድ ሲያወጡ ከመታወቂያው ላይ ፊደል በፊደል እንዲገለበጥ ይጠይቁ።

ማኅተሙንም ይዩ። ነገሌ ለረጅም ጊዜ የጉጂ ዞን ዋና ከተማ ነበረች፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ ናት። የቆየ ማስረጃዎ የጉጂ ዞን ማኅተም፣ አዲሱ የምሥራቅ ቦረና ማኅተም ያለበት ከሆነ፣ የአካባቢውን ታሪክ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሠራተኛ «አድራሻዎ የቱ ነው?» ይላል። ከከተማው አስተዳደር አንድ የማረጋገጫ ደብዳቤ ጨርሰው ይሂዱ። ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ ብቻ ተጽፎ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሄድ ከሆነ የአማርኛ ትርጉሙን አያይዙ። ለትርጉም ሲባል ከአዲስ አበባ ነገሌ መመላለስን ያየ ሰው ይህን ምክር አይንቅም።

ደረሰኝ በእጅዎ በገባበት ቀን ኮፒ ያስደርጉት፤ በስልክም ፎቶ ያንሱት። ከኋላው ለምን እንደተከፈለ በእስክሪብቶ ይጻፉ። ዋናውን በላስቲክ አይሸፍኑት፤ በሙቀት ላሚኔት ሲደረግ ወረቀቱ ወዲያው ይጠቁራል።

ሁለተኛ፦ ደመወዝተኛ ከሆኑ፣ ከፋዩ አሠሪዎ ይሁን

ትልቁ በር ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እንቆይ።

የገቢ ግብር አዋጁ አንቀጽ 65 ከግብር ነፃ የሆኑ ገቢዎችን ይዘረዝራል። ከእነሱ አንዱ አሠሪ ለተቀጣሪው ሕክምና የሚከፍለው ትክክለኛ ወጪ ነው። «ትክክለኛ» የምትለውን ቃል ይያዙ። አሠሪዎ በየወሩ «የሕክምና አበል» ብሎ የተወሰነ ብር ደመወዝዎ ላይ ቢጨምር፣ ያ ገንዘብ ታክመውም አልታከሙም የሚከፈል ስለሆነ ትክክለኛ ወጪ አይደለም፤ እንደ ደመወዝ ግብር ይቆረጥበታል። አሠሪው ለሆስፒታሉ በቀጥታ ቢከፍል፣ ወይም በደረሰኝ ልክ ቢተካልዎ ግን ግብር አይነካውም።

ልዩነቱን በብር እንየው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የደመወዝ ግብር ሰንጠረዡን ለውጦታል፦ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፤ እስከ 7,000 ድረስ 20 በመቶ፤ እስከ 10,000 ድረስ 25 በመቶ፤ እስከ 14,000 ድረስ 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ 35 በመቶ።

ደመወዝዎ 9,000 ብር ነው እንበል። ግብሩ 1,400 ብር ይሆናል። ለሰው ሠራሽ እግር ጥገና 6,000 ብር ያስፈልግዎታል፤ መሥሪያ ቤትዎም ሊረዳዎ ፈቅዷል። ሒሳብ ሹሙ ያንን 6,000 ብር «ድጋፍ» ብሎ በደመወዝ ሉሁ ላይ ቢደምረው የወሩ ገቢዎ 15,000 ይሆንና ግብሩ 3,200 ብር ላይ ይደርሳል። ከተረዱት 6,000 ብር ውስጥ 1,800 ብሩ ለግብር ሄደ ማለት ነው። ያው 6,000 ብር በሕክምና ደረሰኝ ተደግፎ በሕክምና ወጪ ስም ቢከፈል ግብሩ 1,400 ላይ ይቆማል። ለጋሹ ያው፣ ገንዘቡ ያው፣ እግሩ ያው፤ የተለየው በየትኛው ሰነድ ላይ እንደተጻፈ ብቻ ነው። ብዙ ቅን አሠሪዎች ይህን ባለማወቅ ሠራተኛቸውን ረድተው ግብር ሲያስከፍሉት አይቻለሁ።

ስለዚህ ለሕክምና ከመሄድዎ በፊት ለአሠሪዎ ደብዳቤ ይጻፉ። ረጅም አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«እኔ አመልካች በመሥሪያ ቤቱ በ… የሥራ መደብ የማገለግል ሲሆን፣ ከተያያዘው የሕክምና ቦርድ ማስረጃ እንደሚታየው ለቀኝ እግሬ ሰው ሠራሽ አካል ማስቀየር አስፈልጎኛል። ከሕክምና ተቋሙ የተሰጠኝ የዋጋ ማሳወቂያም ተያይዟል። መሥሪያ ቤቱ ወጪውን ለመሸፈን ፈቃደኛ ከሆነ ክፍያው በቀጥታ ለተቋሙ እንዲፈጸም፣ ይህ ካልተቻለም በማቀርበው ደረሰኝ ልክ በሕክምና ወጪ ስም እንዲተካልኝና ከደመወዜ ጋር እንዳይደመር በአክብሮት አመለክታለሁ።»

የዋጋ ማሳወቂያውን አስቀድሞ ማግኘት ከነገሌ ሆኖ ይከብዳል። በደቡቡ አካባቢ ለሰው ሠራሽ አካልና ለአካል ድጋፍ ሥራ ሰዎች በብዛት የሚሄዱት ወደ አርባ ምንጭ የአካል ማገገሚያ ማዕከል ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ደግሞ ወደ ሃዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደ አዲስ አበባ። ከሄደ ሰው ጋር ደብዳቤ ይላኩ፤ ማሳወቂያውን በቴሌግራም ፎቶ ያስልኩና መሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ቤት ያስገቡት። ዋናው ወረቀት በኋላ ይደርሳል፤ ጥያቄው የገባበት ቀን ግን ተመዝግቧል።

ደረሰኙ ላይ ሁለት ስም ይፈልጉ፦ የታካሚው የእርስዎ ስም፣ የከፋዩ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ስም ከነግብር ከፋይ ቁጥሩ። አሠሪዎ ድርጅት ከሆነ ይህን ወጪ በራሱ መዝገብ የሚይዘው በዚህ ደረሰኝ ነው፤ በእርስዎ ስም ብቻ የተቆረጠ ከሆነ ሒሳብ ሹሙ ሊያንገራግር ይችላል፤ ማንገራገሩም ክፋት አይደለም።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛው፣ ሕጉ የሚለው «ተቀጣሪ» ነው። የታመመው ልጅዎ ከሆነ፣ አሠሪው ለልጁ የሚከፍለው በዚህ ቃል ሥር በግልጽ አልተጠቀሰም። የአካል ጉዳተኛ ልጅ ለሚያሳድጉ እናቶች ይህ ክፍተት ከባድ ነው፤ ሕጉን ሊያሻሽሉ የሚቀመጡ ሰዎች ከሁሉ በፊት ሊያዩት የሚገባ ቃልም ይህ ይመስለኛል። ሁለተኛው፣ «ሕክምና» ማለት ሕክምና ነው። ከነገሌ ለሚነሳ ታካሚ የወጪው ትልቅ ድርሻ የመኪናና የአልጋ ነው፤ አስታማሚም አብሮ ይሄዳል። የሆቴል ደረሰኝ ከሕክምና ደረሰኝ ጋር ቀላቅለው ካቀረቡ ጠቅላላውን ያስጠረጥራሉ። የሆስፒታል አልጋና አምቡላንስ በሆስፒታሉ ደረሰኝ ላይ ይውጣ፤ ሌላውን ለይተው ያስቀምጡ።

የበረሃ አበል የሚከፈላቸው ሠራተኞችም ያንን ከዚህ ጋር አያምታቱ፤ እሱ በራሱ ምክንያት፣ ለአየር ጠባዩ ሲባል፣ በተወሰነለት ልክ ከግብር ነፃ የሆነ ሌላ ክፍያ ነው። በሥራ ውል የሚሰጥ የትራንስፖርት አበልም እንዲሁ ነው። እግሩ ስለማይራመድለት በባጃጅ ለሚመላለስ ሠራተኛ ውሉ ላይ የትራንስፖርት አበል ማስጻፍ ከደመወዝ ጭማሪ የተሻለ ሊሆን ስለሚችል ቅጥር ላይ ይደራደሩበት።

የሥራ መሣሪያ ሌላ ነገር ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ምቹ የሥራ ሁኔታና ተገቢ መሣሪያ እንዲያመቻች ያስገድደዋል። ለዓይነ ስውር ሠራተኛ የሚያነብ ሶፍትዌር፣ ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫና ሰፊ ጠረጴዛ ሲያስፈልግ «ብር ይጨመርልኝ» አይበሉ። ዕቃው በመሥሪያ ቤቱ ስም ተገዝቶ ለሥራ እንዲውል ይጠይቁ። በመሥሪያ ቤቱ ንብረትነት የተመዘገበ መወጣጫ የእርስዎ ገቢ አይደለም።

በስሕተት ግብር ተቆርጦብዎ ከሆነ በመጀመሪያ አሠሪዎን የደመወዝ ሉሁን እንዲያርምና በሚቀጥለው ወር እንዲያስተካክል በጽሑፍ ይጠይቁ። አብዛኛው ነገር እዚያው ያልቃል። ከግብር ቢሮ የተሰጠ ውሳኔ ከሆነ ግን ቀኑ ይሮጣል፤ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰዎ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ውሳኔው የደረሰዎትን ቀን ፖስታው ላይ ይጻፉ።

ሦስተኛ፦ ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ

ሻኪሶና አዶላ የወርቅ አገር ናቸው፤ የሞያሌ መንገድ ደግሞ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው በየከተማው አለ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት የሕክምና ወጪውን የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ የሆስፒታልና የመድኃኒት፣ የሚያስፈልግም ከሆነ የሰው ሠራሽ አካል ወጪ ጭምር። ይህ ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም። ለቋሚ ሙሉ የአካል ጉዳት ደግሞ አዋጁ የአምስት ዓመት ደመወዝ ካሣ አስቀምጧል። የገቢ ግብር አዋጁም በአካል ጉዳት ወይም በሰው ሞት ምክንያት የሚከፈል ካሣን ከግብር ነፃ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ የማየው ስሕተት አንድ ነው፦ ካሣው «የሥራ ስንብት»፣ «ልዩ ጉርሻ» ወይም «ውዝፍ ደመወዝ» ተብሎ በአንድ ቼክ ተጠቃልሎ ይከፈላል። ከዚያ ሁሉም ላይ ግብር ይቆረጣል። የስምምነት ሰነድ ከመፈረምዎ በፊት ካሣው ለብቻው መስመር፣ «ለደረሰው የአካል ጉዳት ካሣ» ተብሎ እንዲጻፍ ያድርጉ። ፍርድ ቤት የወሰነው ከሆነ የውሳኔውን ግልባጭ ለሒሳብ ክፍሉ ይስጡ። ከመኪና አደጋ የሚገኝ የኢንሹራንስ ካሣም በዚሁ ዓይን ይታያል።

አራተኛ፦ ነጋዴ ከሆኑ

ሱቅ ያለው፣ የስፌት መኪና ያለው፣ ገበያ ላይ ፍየል የሚገዛና የሚሸጥ አካል ጉዳተኛ ብዙ ነው። የራስዎ የሕክምና ወጪ የንግድ ወጪ ተብሎ አይቀነስም፤ የግል ወጪ ነው። በ2017ቱ ማሻሻያ ደግሞ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ነጋዴ ግብሩ ከሽያጩ ላይ ስለሚሰላ የወጪ ደረሰኝ መደርደር ብዙም አይጠቅመውም።

የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ሦስት ወር ሆስፒታል ተኝተው ሱቁ ተዘግቶ ከነበረ ያንን ሐምሌ ላይ በቃል ለማስረዳት አይሞክሩ። ሱቁ በተዘጋበት ሳምንት ለገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የመግቢያና የመውጫ ቀን ያለበት የሆስፒታል ወረቀት ኋላ ያያይዙ። ዘመድ አዝማድ፣ ዕድር፣ ወይም በቡሳ ጎኖፋ የመረዳጃ ሥርዓት ጎሣው ለሕክምናዎ ያዋጣው ገንዘብ በሱቁ የባንክ ሒሳብ አይግባ። ገቢ የሆነው ብር ሁሉ እንደ ሽያጭ ሲቆጠር ያልሸጡትን ሸጡ ተብለው ሊገመትብዎ ይችላል። ለሕክምናው የተለየ ሒሳብ ይክፈቱ፤ ያዋጡትን ሰዎች ስምና መጠን የያዘውን ደብተርም ያስቀምጡ።

ግብሩ ተወስኖ መክፈል ካቃተዎት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በጽሑፍ አመልክቶ ጊዜ ማራዘምና በክፍል በክፍል መክፈል ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ የታክስ አስተዳደር አዋጁ በግብር ከፋዩ ቸልተኝነት ባልመጣ ከባድ የግል ችግር ምክንያት የግብር ዕዳ ሊነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። ሥልጣኑ በፌዴራል ደረጃ የገንዘብ ሚኒስትሩ ነው፤ እንደ ነገሌ ያሉ የክልል ግብር ከፋዮች በክልሉ ሕግ መሠረት በወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት በኩል ይጀምራሉ። ሥራ የሚያስቆም ጉዳት ሳይታሰብ የደረሰበት ሰው እንዲህ ዓይነቱን ማመልከቻ ለመጻፍ ሊያፍር አይገባም። ማመልከቻው ላይ ጉዳቱ መቼ እንደደረሰ፣ ከዚያ በፊት ግብርዎን በየዓመቱ እንደከፈሉ፣ አሁን ገቢዎ ምን ያህል እንደወረደ በቀንና በቁጥር ይጻፉ።

ከሠራተኞቹ ከ60 በመቶ በላይ አካል ጉዳተኞች የሆኑበት የሥራ ቦታ የሚያቀርበው ዕቃና አገልግሎት በ1994ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ከታክሱ ነፃ ተደርጎ ነበር። የማኅበር ሥራ የሚያቋቁሙ ከሆነ የሠራተኞችን ስም ዝርዝርና የጉዳት ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይያዙና፣ አሁን በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ።

ቤት ውስጥ የሚረዳዎ ሰው

ለመነሣት፣ ለመታጠብ፣ ለመልበስ የሚረዳ ሰው በቤትዎ ከቀጠሩ፣ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ከገቢ ግብር ነፃ ስለሆነ ግብር የመቁረጥ ግዴታ የለብዎትም። ያንኑ ረዳት መሥሪያ ቤትዎ በራሱ ሠራተኛነት ቢቀጥረው ግን እንደማንኛውም ሠራተኛ ይቆረጥበታል።

ደመወዝም ንግድም ከሌለ

ለከብት አርቢው፣ ለአረጋዊቷ፣ ሥራ ላላገኘው ወጣት የደመወዝ ግብር ጨዋታ አይመለከታቸውም። ለእነሱ ዋናው ነገር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ስማቸው የሚለየው ግን በቀበሌ ስብሰባ ነው። አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤተሰብ ከዝርዝሩ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ስብሰባው ላይ የሚናገርለት ሰው ስለሌለ ነው። ዝናብ ፍለጋ ከብት ይዞ የሄደ ቤተሰብ ምዝገባው ያልፈዋል። የምዝገባውን ወቅት ከቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቀው ይወቁና፣ በዚያ ሰሞን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከተማ ይቆይ።

ሆስፒታል ሲከፍሉ ደግሞ ደረሰኙን ያንብቡ። የሕክምና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው። በምርመራ፣ በአልጋ ወይም በቀዶ ሕክምና ደረሰኝ ላይ 15 በመቶ ተደምሮ ካዩ ከመስኮቱ ሳይነሱ ይጠይቁ።

ሞያሌ ላይ

ከደቡብ ቆላ ሰው ዊልቸርና የመስሚያ መሣሪያ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ከናይሮቢ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የሞያሌ የአንድ ጣቢያ የድንበር አገልግሎት ሁለቱን አገሮች በአንድ ግቢ ስላገናኛቸው ጉዞው ቀሏል። ቀረጡ ላይ ግን ስሙ ወሳኝ ነው።

ጉምሩክ ዕቃን የሚያውቀው በቁጥር ነው። በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ የአካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበር፣ በእጅ የሚገፋም ሞተር ያለውም፣ በቁጥር 87.13 ሥር ነው። ክራንች፣ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ፣ የአጥንት ድጋፍና የመስሚያ መሣሪያ በ90.21 ሥር ናቸው። ተራ ወንበር ደግሞ በ94.01 ሥር። ሻጩ በደረሰኙ ላይ «ወንበር» ብሎ ከጻፈ፣ ትራንዚተሩም ያንኑ ከገለበጠ፣ ዊልቸሩ እንደ ሳሎን ወንበር ይቀረጣል። ሞተር ያለው ባለ ሦስት ጎማ ዊልቸር «ሞተር ሳይክል» ተብሎ ሲመዘገብማ ክፍያው ዕቃውን ጥሎ ለመሄድ የሚያስመኝ ይሆናል። ለአካል ጉዳተኞች መገልገያ የተሰጠውን የተለየ አያያዝ የሚያገኘው በትክክለኛ ስሙ የተመዘገበ ዕቃ ብቻ ነው።

ስለዚህ ናይሮቢ ሳሉ ሻጩ በደረሰኙ ላይ የዕቃውን ሙሉ ስም፣ ሞዴሉንና የአካል ጉዳተኛ መገልገያ መሆኑን እንዲጽፍ ያድርጉ። የሕክምና ቦርድ ማስረጃዎን ከነትርጉሙ ይያዙ። ዕቃው ለአንድ ሰው ለግል መገልገያ የመጣ መሆኑ እንዲታይ ስምዎ በደረሰኙም በማስረጃውም አንድ ይሁን። የሚቻል ከሆነ ተጠቃሚው ራሱ ይገኝ፤ ካልተቻለ ውክልና ይስጥ። ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን ሞልቶ ሲጨርስ «እሺ» ብለው አይለፉት። ወረቀቱን ተቀብለው ቁጥሩን ያንብቡ። 94.01 ካዩ ወይም 87.11 ካዩ ከመፈረሙ በፊት ያስታርሙት፤ ከተከፈለ በኋላ ማስመለስ ረጅም መንገድ ነው።

መኪና የሚያስቡ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በእጅ የሚነዳ እንዲሆን የተስተካከለ ተራ የቤት መኪና በ87.13 ሥር አይገባም፤ በመኪናዎች ቁጥር፣ በ87.03 ሥር ነው የሚቆየው። ከቀረጥ ነፃ የሚገባው በገንዘብ ሚኒስቴር ፈቃድ ነው። ሚኒስቴሩ የሚሠራበት መመሪያ ስለ መኪናው ዓይነትና ስለ ተጠቃሚው ማስረጃ ዝርዝር ሁኔታ ያስቀምጣል፤ በየጊዜውም ይሻሻላል። ለሻጭ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የፈቃድ ደብዳቤው በእጅዎ ይግባ። በቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ለሌላ ሰው በሽያጭ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቃል፤ ለወንድምዎ ንግድ እንዲያገለግል በስምዎ መኪና እንዲያስገቡ የሚለምን ሰው ከመጣ፣ ዕዳውና ክሱ በእርስዎ ስም እንደሚመዘገብ አውቀው መልስ ይስጡት።